የቆየ መኪና ካርቡሬተርን ፈትቶ ማደስ፦ ከምርመራ እስከ ሚኒሞ ማስተካከል

ካርቡሬተር ከሁሉ በፊት የመለኪያ መሣሪያ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ቬንቹሪ በሚባለው ጠባብ አንገት ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በቋቱ (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን በሚጠራቀምበት ትንሽ ዕቃ) ውስጥ ባለው ቤንዚን ላይ ያረፈው የከባቢ አየር ግፊት ግን ስለማይቀንስ ቤንዚኑን በጄቱ (መጠኑ በተለካ ትንሽ የናስ ክፍል) ቀዳዳ በኩል ገፍቶ ወደሚስበው አየር ያስገባዋል። 1 ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ አየሩ ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 12.5 ወይም ወደ 13 ኪሎ ይወርዳል፣ በብርድ ሲነሣ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ቤንዚን ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ልዩነት ያለ ምንም ኮምፒውተር የሚያስተናግዱት ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ጥቂት የናስ ቀዳዳዎች፣ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ የሚል አንድ ተንሳፋፊ፣ እርሱ ሲገፋት የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋ አንድ መርፌና ጥቂት ሞላዎች ናቸው።

ስለዚህ ካርቡሬተርን ማደስ ማለት ይህን መለኪያ ወደ ፋብሪካ ልኩ መመለስ ማለት ነው። ጋስኬት መቀየር የሥራው ቀላል ክፍል ነው፤ እድሳቱ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ቀጫጭኖቹን ቦዮች አንድም ሳይቀር በማጽዳትና በቋቱ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ከፍታ በትክክል በመለካት ነው። በችኮላ የታደሰ ካርቡሬተር ካልታደሰው የባሰ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብምና።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በብዛት ለሚገኙት ባለ አንድና ባለ ሁለት ጉሮሮ (የአየር ማለፊያ) ካርቡሬተሮች ነው፤ ሶሌክስ፣ ዌበር፣ ሂታቺ፣ አይሳን፣ ሆሊና ሮቸስተር የሚሠሩባቸው መሠረታዊ ክፍሎች ተመሳሳይ ናቸው። ኤስዩ እና ስትሮምበርግ በሚባሉት ላይ ግን ቬንቹሪው ከፍና ዝቅ በሚል ፒስተን ስለሚሰፋና ስለሚጠብ፣ የማጽዳቱና የጥንቃቄው ምክር ቢያገለግልም የልኬቱ አሠራር ሌላ ነው።

በእርግጥ ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ነውን?

ያረጀ መኪና ሲንተፋተፍ፣ ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አልይዝ ሲል ወይም ቤንዚን ሲበላ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቡሬተሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው በእሳት ማስነሻው በኩል ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት ካንዴላዎቹን፣ የካንዴላ ገመዶቹን፣ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን፣ የፑንቲናውን (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን ክፍል) ክፍተትና ታይሚንጉን (እሳቱ የሚነሣበትን ጊዜ) ይፈትሹ። የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን እርስ በርሱ በጣም የተራራቀ ከሆነ የትኛውም ካርቡሬተር ያንን ሞተር በእርጋታ ሊያሠራው አይችልም።

ቀጥሎ ሞተሩ ሳይፈለግ አየር የሚስብበት ቦታ እንዳለ ያጣሩ። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ፣ የላላ የማኒፎልድ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ዳዶ ወይም የተቃጠለ የካርቡሬተር መቀመጫ ጋስኬት ድብልቁን ያቀጥነዋል፤ ቀጭን ድብልቅ የምለው ቤንዚን ያነሰውን፣ ወፍራም የምለው ደግሞ ቤንዚን የበዛበትን ነው። ቾኩ (በብርድ ሲነሣ የአየር መግቢያውን የሚያጠበው ክዳን) በከፊል ሲዘጋ ሞተሩ የሚሻለው ከሆነ ድብልቁ ቀጭን እንደሆነ ምልክት ነው።

የቤንዚን ፓምፑንም አይርሱ። ለአብዛኞቹ ካርቡሬተሮች የሚስማማው የፓምፕ ግፊት ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ባለው ውስጥ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግፊት መርፌ ቫልቩን በኃይል ከፍቶ ቋቱን ያጥለቀልቃል፣ ጥፋተኛው ግን መርፌው ይመስላል። በተለይ ቀድሞ የነበረው ፓምፕ በኤሌክትሪክ ፓምፕ በተተካበት መኪና ላይ ይህን በመለኪያ ማረጋገጥ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤንዚን ከካርቡሬተሩ የሚያፈስ፣ መኪናው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ቤንዚኑ ወደ ሙጫነት የተለወጠ፣ ፔዳል ሲረገጥ ሞተሩ የሚደነቅፍ ወይም የሚኒሞው ማስተካከያ ብሎን ምንም ለውጥ የማያመጣ ከሆነ፣ መፍታቱ ተገቢ ነው።

ስለ እሳትና ስለ ጭስ

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ተከትሎ ሄዶ ርቆ በተቀመጠ ምድጃ ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያያዝ ይችላል። ሥራውን አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከማንኛውም እሳት ርቀው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቅለው ይሥሩ። ውኃ የቤንዚን እሳትን ከማጥፋት ይልቅ ስለሚያሰራጨው የዱቄት ወይም የአረፋ እሳት ማጥፊያ በእጅ ይኑርዎት። የካርቡሬተር ማጽጃ ፈሳሽ ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳና በቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ሲነፋ ካልታሰበ አቅጣጫ ተወርውሮ ስለሚመለስ መነጽርና ጓንት ያለማቋረጥ ያድርጉ። በመጨረሻ ሞተሩን ሲያስነሡም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም።

ትክክለኛውን የጥገና ኪት ማግኘት

ኪት፣ ማለትም የሚለወጡትን ጋስኬቶችና ትንንሽ ክፍሎች የያዘው ጥቅል፣ የሚገዛው በመኪናው ስም ብቻ ሳይሆን በካርቡሬተሩ ቁጥር ነው። በረጅም ዕድሜው ውስጥ የመኪናው ካርቡሬተር በሌላ ተተክቶ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ዓይነት መኪናም በተለያየ ዓመት የተለያየ ካርቡሬተር ይዞ ይወጣ ነበር። ቁጥሩ በዌበር ላይ ብዙውን ጊዜ ከታች በመቀመጫው ጠርዝ፣ በሆሊ ላይ ከላይ በአየር መግቢያው አንገት፣ በሮቸስተር ኳድራጄት ላይ በዋናው አካል ጎን ተቀርጾ ይገኛል፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ በብሎን በተያዘች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ሰሌዳዋን ከፈቱ መልሰው ይግጠሟት፤ ለሚቀጥለው ሠሪ ብቸኛዋ መታወቂያ ናት።

ቤንዚኑ ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ጎማዎቹና ዲያፍራሞቹ ኤታኖልን የሚቋቋሙ መሆናቸውን ይጠይቁ። ኤታኖል ውኃን ይስባል፣ የቆየ ጎማን ያበሰብሳል፣ በዚንክና በአሉሚኒየም ላይ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ለረጅም ጊዜ ቆመው በቆዩ ካርቡሬተሮች ውስጥ የሚገኘው ነጭ ዱቄት አብዛኛው ከዚህ ዓይነት ዝገት የመጣ ነው።

ከመሣሪያ በኩል ከተለመዱት ቁልፎች ሌላ ለጄቶቹ ልክ የሚሆን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ካሊፐር፣ የኮምፕረሰር አየር፣ የካርቡሬተር ማጽጃ፣ የናይሎን ብሩሾችና ትንንሽ ክፍሎች የሚለዩባቸው ጎድጓዳ ዕቃዎች ያስፈልጋሉ። የተንሳፋፊው ከፍታ፣ የቾኩ ክፍተትና የሚኒሞው ዙር የተጻፈበት የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ከሞተሩ ላይ ማውረድ

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የአየር ማጣሪያውን ቤት ካነሡ በኋላ ምንም ነገር ከመንቀልዎ በፊት ካርቡሬተሩን ከአራቱም ጎንና ከላይ ፎቶ ያንሡ፤ እያንዳንዱን የቫኪዩም ቱቦም በሁለቱም ጫፉ ላይ በወረቀት ፕላስተር ቁጥር ይለጥፉበት። አንድ ቱቦ ቦታ ቢሳሳት የዲስትሪቢውተሩ ታይሚንግ በሚኒሞ ጊዜ ሊዛባ ስለሚችል ይህ ሥራ እንደ ትርፍ ጥንቃቄ አይታይ።

የቤንዚን ቱቦውን ሲነቅሉ ከሥሩ ጨርቅ ያድርጉ፣ ጫፉንም ወዲያውኑ ይድፈኑ። የነዳጅ መስጫውን ገመድ ወይም ዘንግ፣ የመመለሻ ሞላውን፣ የቾኩን ገመድ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው ደግሞ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ማያያዣ ይፍቱ። ቾኩ በራዲያተር ውኃ የሚሞቅ ዓይነት ከሆነ ጥቂት ውኃ ይፈስሳል። የመቀመጫ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ካላሉ በኋላ ካርቡሬተሩን ሳያጋድሉ ቀጥ አድርገው ያንሡት፤ የማኒፎልዱንም አፍ በንጹሕ ጨርቅ ወዲያው ይሸፍኑ። በዚያ አፍ የገባች አንዲት ትንሽ ሮንዴላ ፒስተንና ቫልቭ ልታበላሽ ትችላለች።

በቋቱ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ ይቀበሉትና ለጥቂት ደቂቃ ያስቀምጡት። ከሥር የተለየ ጠብታ ካዩ ውኃ ነው፤ ቀይ ደለል ካዩ የቤንዚን ታንኩ ውስጡ ዝጓል ማለት ነውና ታንኩ ሳይጸዳ ካርቡሬተሩን ብቻ ማደስ ሥራውን በቅርቡ እንደገና መጀመር ይሆናል።

መፍታት

ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ፤ የፈቱትንም በፈቱበት ቅደም ተከተል ይደርድሩ። በመጀመሪያ የላይኛውን ክዳን ከቾኩና ከአክስለሬተር ፓምፑ (ፔዳል ሲረገጥ ተጨማሪ ቤንዚን ከሚረጨው) ጋር የሚያገናኙትን ቀጫጭን ዘንጎች ያላቁ። ዘንጉ በየትኛው ቀዳዳ ገብቶ እንደነበረ ይጻፉ፤ በብዙ ካርቡሬተሮች ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ አለ፣ ምርጫውም ፓምፑ የሚረጨውን መጠን ይወስናል። ከዚያ የክዳኑን ብሎኖች ይፍቱ። ክዳኑ ከተጣበቀ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት፤ በፕላስቲክ መዶሻ ወይም በካቻቢቴ እጀታ ጎኑን ቀስ ብለው ቢመቱት ይላቀቃል።

ተንሳፋፊው በአብዛኛው ከክዳኑ ጋር አብሮ ይወጣል። ፒኑን ከአንድ ወገን ብቻ እንዲወጣ ሆኖ በተሠራበት አቅጣጫ በቀስታ ይግፉት፤ ፒኑን የያዙት ሁለት ቀጫጭን ምሰሶዎች ከክዳኑ ጋር አብረው የተቀረጹ በመሆናቸው ከተሰበሩ ክዳኑ በሙሉ ይጣላል። ከዚያ መርፌውን ያውጡ፣ መቀመጫውን ይፍቱ፣ ከሥሩ ያለችውን ሮንዴላ ውፍረቷን ይለኩ። የተንሳፋፊውን ከፍታ የምትወስነው እርሷም ስለሆነች አዲሷ ውፍረቷ ተመሳሳይ መሆን አለበት።

አሁን ዋናውን አካል ገልብጠው ከማራገፍዎ በፊት ቆም ይበሉ። በአክስለሬተር ፓምፑ መስመር ላይ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ኳሶች፣ አንዳንዴም ከላያቸው ሞላ ወይም መጫኛ ክብደት አለ። ሳያስቡት ገልብጠውት ከወደቁ የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ማወቅ ያስቸግራል፤ መጠናቸውና የተሠሩበት ብረት ይለያያልና። በአንድ እጅ ሸፍነው በጎድጓዳ ዕቃ ላይ ቀስ ብለው ያዘንብሉት፤ እያንዳንዷን ከየት እንደወጣች እየጻፉ ያስቀምጡ።

የድብልቅ ማስተካከያ ብሎኑን ከመፍታት በፊት መጀመሪያ ወደ ውስጥ እያዞሩ በቀላሉ እስኪነካ ድረስ ዙሩን ይቁጠሩ፣ ከግማሽና ከሩብ ዙሩ ጋር ይጻፉት፣ ከዚያ ያውጡት። በኃይል ከጠበቀ ሹል ጫፉ ላይ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ይቀርበታል፤ እንዲህ የሆነ ብሎን ሚኒሞን በትክክል ሊያስተካክል ስለማይችል ይቀየራል።

ጄቶቹ ለስላሳ ናስ ናቸው። የካቻቢቴው ጫፍ ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ መሙላት አለበት፤ ካልሆነ የጄቱ ራስ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም ወደ ቀዳዳው ይገባል። በዌበርና በሶሌክስ ጄቶች ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 140 የተጻፈበት 1.40 ሚሊ ሜትር ነው። የሆሊ ቁጥር ግን የራሱ ተራ ቁጥር እንጂ የስፋቱ ልክ አይደለም። ባለ ሁለት ጉሮሮው ካርቡሬተር ላይ የመጀመሪያው ጉሮሮ ጄትና የሁለተኛው አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ የትኛው ከየት እንደወጣ ሳይጽፉ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

የስሮትሉን ክብ ክዳን፣ ማለትም በፔዳሉ የሚከፈተውን፣ ዘንጉ ካላረጀ በስተቀር አይፍቱ። ብሎኖቹ እንዳይላሉ ጫፋቸው ተቀጥቅጦ የተሰፋ ነው፤ ሲፈቱ ይሰበራሉ፣ በደንብ ሳይታሰሩ ከተመለሱ ደግሞ ላልተው ወደ ሲሊንደር ይገባሉ።

ማጽዳት

ጎማ፣ ዲያፍራም፣ የፕላስቲክ ተንሳፋፊ፣ የኤሌክትሪክ ቾክና ሶሌኖይድ ቫልቭ ወደ ማጽጃው አይገቡም፤ እነዚህ በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋሉ። የቀረው የብረት አካል በካርቡሬተር ማጽጃ ይዘፈዘፋል፣ ጊዜውም በማጽጃው ዕቃ ላይ ከተጻፈው አይብለጥ። አካሉ የተሠራው ከዚንክ ወይም ከአሉሚኒየም ውሕድ ስለሆነ ኮስቲክ ሶዳ ወይም ኃይለኛ አሲድ ይበላዋል፤ ቆሻሻውን ሲያነሣ ብረቱንም አብሮ ያነሣል። በአሸዋ መንፋትም እንዲሁ የተከለከለ ነው፤ በማይታይ ቦይ ውስጥ የቀረች አንዲት ቅንጣት በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ጄቱን ትዘጋለች። የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ማግኘት የሚችል ሰው ቢጠቀምበት የብሩሽ እጅ የማይደርስባቸውን ቦታዎች በደንብ ያጸዳለታል።

ከውጭ የሚያብረቀርቅ ካርቡሬተር ከውስጥ የተዘጋ ሊሆን ስለሚችል ዓይንን አያምኑ። እያንዳንዱን ቦይ በስም ይወቁት፦ ከቋቱ ወደ ዋናው ጄት፣ ከዋናው ጄት ወደ ቬንቹሪው ማፍሰሻ፣ ወደ ሚኒሞ ጄትና ከዚያ ከስሮትሉ ክዳን በታች ወዳለው ቀዳዳ፣ ወደ መሸጋገሪያ ቀዳዳዎቹ (ስሮትሉ ከሚኒሞ መከፈት ሲጀምር ቤንዚን ወደሚሰጡት)፣ ወደ አክስለሬተር ፓምፑ፣ ወደ አየር ማስገቢያ ጄቶቹ። የማጽጃውን ቀጭን ቱቦ በአንዱ ጫፍ አስገብተው ይርጩ፤ በሌላኛው ጫፍ በጠንካራ ጅረት ሲወጣ በዓይንዎ ማየት አለብዎት። ካልወጣ ቦዩ ተዘግቷል፤ እንደገና ይዘፈዘፍ፣ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ በአየር ይነፋ። ከሁሉም ቶሎ የሚዘጋው የሚኒሞው መስመር ነው፤ ጄቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና።

ጄትን በብረት ሽቦ ወይም በመሰርሰሪያ ጫፍ መውጋት ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል፦ 1.40 ሚሊ ሜትር የነበረ ጄት በመጎርጎር 1.45 ቢሆን በዓይን የሚታይ ለውጥ የለም፣ የቀዳዳው ስፋት ግን ከ7 በመቶ በላይ ያድጋል። ያ ሞተር ከዚያ በኋላ ቤንዚን ሲበላና ካንዴላ ሲያጠቁር ይኖራል፣ ምክንያቱም አይገኝም። ግትር ቆሻሻን በናይሎን የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም በናይሎን ብሩሽ አንዲት ፀጉር ማውጣት ይቻላል። በመጨረሻ ሁሉንም ክፍል በደረቅ የኮምፕረሰር አየር ንፍት ያድርጉ፤ ውኃ ባለበት ማጽጃ ከተጠቀሙ ወዲያውኑ ያድርቁት።

መመርመር

ንጹሑን አካል ወደ ብርሃን አቅርበው ስንጥቅ ይፈልጉ። የተገናኙትን ፊቶች በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ይፈትሹ፤ ብሎኖቹ ከልክ በላይ በመጥበቃቸው ምክንያት ማዕዘኖቹ የተጣመሙ ካርቡሬተሮች ብዙ ናቸው። መጠነኛ መጣመም ከሆነ በወፍራም መስተዋት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ፊቱን በስምንት ቅርጽ እያሹ ማስተካከል ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና መታጠብ አለበት።

የስሮትሉን ዘንግ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት። በግልጽ የሚንኳኳ ከሆነ በዘንጉ ዙሪያ አየር ይገባል፣ ሚኒሞውም አይረጋም። ይህ ጥፋት በኪት አይፈታም፤ ቀዳዳው በቶርኖ ሰፍቶ አዲስ ቡሽ (ዘንጉን የሚያቅፍ የብረት ቀለበት) ይገባበታል። ስለ ማደስ ምክር የሚሰጡ ብዙዎች ይህን ክፍል ያልፉታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ካርቡሬተሩ ሊድን መቻል አለመቻሉ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

የናስ ተንሳፋፊን ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ያናውጡት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ቀዳዳ አለው። በሞቀ ውኃ ውስጥ ቢያጠልቁት ከቀዳዳው የአየር አረፋ ይወጣል። ከመጠን በላይ በብየዳ የተደፈነ ተንሳፋፊ ይከብዳል፣ ሲከብድም የቤንዚኑ ከፍታ ይጨምራል፤ ስለዚህ መለወጡ ይመረጣል። የፕላስቲክ ስፖንጅ መሳይ ተንሳፋፊዎች ደግሞ ከዓመታት በኋላ ቤንዚን ስለሚመጥጡ ክብደታቸውን ከአዲሱ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። መርፌውና መቀመጫው አብረው የሚሠሩ ጥንዶች ናቸው፤ አዲስ መርፌ በአሮጌ መቀመጫ ላይ አያስቀምጡ።

መገጣጠምና የቤንዚኑን ከፍታ መለካት

በአንድ ኪት ውስጥ ለተለያዩ ሞዴሎች የሚሆኑ ብዙ ጋስኬቶች ይገኛሉ። እያንዳንዱን ከአሮጌው ጋር፣ ቀጥሎም ከብረቱ ፊት ጋር አስተያይተው ቀዳዳዎቹ ሁሉ መግጠማቸውን ያረጋግጡ፤ አንዲት ያልተበሳች ቀዳዳ አንዱን መስመር ሙሉ በሙሉ ትዘጋለች። ሲሊኮን ወይም ሌላ ማጣበቂያ በጋስኬት ላይ አይቀቡ፤ ቤንዚን ያላቅቀውና ቁራጩ ወደ ጄት ይሄዳል። የአክስለሬተር ፓምፑ ጽዋ ከቆዳ የተሠራ ከሆነ በቀጭን ዘይት ውስጥ አቆይተው ሲለሰልስ ያስገቡት፤ ጠርዙ እንዳይታጠፍም እያዞሩ ይግፉት።

የተንሳፋፊው ልኬት የሚወሰደው ጥገና መጽሐፉ በሚለው መንገድ ብቻ ነው፦ አንዳንዱ ከጋስኬቱ ጋር፣ አንዳንዱ ያለ ጋስኬት፤ አንዳንዱ እስከ ተንሳፋፊው ጫፍ፣ አንዳንዱ እስከ መካከሉ። በመርፌው ውስጥ ትንሽ ሞላ ያለችበት ዓይነት ከሆነ ክዳኑን ገልብጠው ቢለኩ የተንሳፋፊው ክብደት ሞላዋን ይጫናትና ልኬቱ ይሳሳታል። ስለዚህ ክዳኑን ቀጥ አድርገው በማቆም መርፌውን የምትገፋው የተንሳፋፊው ምላስ የመርፌውን ሞላ ሳትጫን እንዲያው በምትነካበት ቦታ ላይ ይለኩ። ማስተካከያው የሚደረገው ትንሿን የብረት ምላስ በማጠፍ ነው፤ ስታጥፉ መርፌውን ወደ መቀመጫው አትጫኑ፣ የተንሳፋፊውንም ክንድ አታጣምሙ። ቀጥሎ ተንሳፋፊው ወደ ታች የሚወርድበትን ርቀት ይለኩ፤ በጣም ካነሰ መርፌው በበቂ አይከፈትም፣ ሞተሩም በከፍተኛ ፍጥነት ቤንዚን ያጥረዋል።

ይህች ልኬት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብትሆንም መላውን ካርቡሬተር ትገዛለች። የቤንዚኑ ከፍታ ሲበዛ በሁሉም ፍጥነት ድብልቁ ይወፍራል፣ በዳገትና በመታጠፊያ ላይ ቤንዚን ወደ ጉሮሮው ይፈስሳል፤ ሲያንስ ደግሞ ዋናው ማፍሰሻ ዘግይቶ ስለሚጀምር ሞተሩ ከሚኒሞ ሲነሣ ይደነቅፋል። ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት ገልብጠው በቤንዚን መግቢያው በኩል በእጅ ፓምፕ ቀላል ግፊት ይስጡ፤ መርፌው በተንሳፋፊው ክብደት ብቻ አየሩን መያዝ ይኖርበታል። የኮምፕረሰር ግፊት ለዚህ ሙከራ አይሆንም።

ጄቶቹንና ኳሶቹን ወደየቦታቸው ይመልሱ፣ የድብልቅ ብሎኑን በጻፉት ዙር ልክ ያውጡ፤ ቁጥሩ ከጠፋ አንድ ዙር ተኩል ጥሩ መነሻ ነው። የክዳኑን ብሎኖች ከመካከል ወደ ጠርዝ በመስቀለኛ፣ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ በቀስታ ያጥብቁ።

መልሶ መግጠምና ማስነሣት

በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መካከል ያለውን ወፍራም የሙቀት መከላከያ አይተዉት፤ እርሱ ከሌለ ሞተሩ ሲሞቅ በቋቱ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል። አዲስ መቀመጫ ጋስኬት፣ አዲስ የቤንዚን ማጣሪያና አዲስ የቤንዚን ቱቦ ያድርጉ፤ ቱቦው ውስጡ የሚላጥ ከሆነ ያጸዱት ሁሉ በአንድ ቀን ይበላሻል። ረዳት ፔዳሉን እስከ ወለሉ እንዲረግጥ አድርገው ስሮትሉ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ ሲለቅም ሳይያዝ መመለሱን በዓይን ይዩ። ስሮትሉ ተከፍቶ ቢቀር በመንገድ ላይ አደጋ ነው።

ሞተሩ ሳይነሣ ባትሪውን አገናኝተው በሞተሪኖ ጥቂት ያዙሩ፣ ቋቱ ሲሞላም የሚያፈስ ቦታ መኖሩን በእጅ ባትሪ ብርሃን ይፈልጉ። ከዚያ የቆመውን ሞተር ስሮትል በእጅ ሲከፍቱ ከፓምፑ አፍንጫ ቤንዚን ሳይዘገይ በቀጥታ ጅረት መረጨት አለበት። ከተዘጋጀ በኋላ የአየር ማጣሪያውን ቤት ገጥመው ያስነሡ፤ በጉሮሮው ላይ ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሣት በተመላሽ እሳት ፊትን ሊያቃጥል ስለሚችል አይሞከር።

ሚኒሞና ድብልቅ

ማስተካከል የሚጀመረው ሞተሩ ወደ መደበኛ ሙቀቱ ከደረሰና ቾኩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ነው። የሚኒሞውን ፍጥነት በመጽሐፉ በተጻፈው ላይ ያድርጉ፤ ለብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ከ750 እስከ 850 ዙር በደቂቃ ነው። የድብልቅ ብሎኑን ሞተሩ መድከም እስኪጀምር ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ፍጥነቱ ከፍ ብሎ እስኪረጋ ወደ ውጭ በሩብ ዙር ያዙሩ፤ በእያንዳንዱ ለውጥ መካከል ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ። ፍጥነቱ ከጨመረ በስሮትሉ ብሎን ዝቅ አድርገው ድብልቁን እንደገና ይሞክሩ። ቫኪዩም መለኪያ ካለ ከፍተኛውንና የማይንቀጠቀጠውን ንባብ ይፈልጉ፤ በባሕር ጠለል ላይ ጤናማ ሞተር ከ430 እስከ 530 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያሳያል፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። በጥቂት ካርቡሬተሮች ላይ ይህ ብሎን የሚለካው አየሩን ስለሆነ ወደ ውስጥ ሲዞር ድብልቁ እንደሚወፍር ይገንዘቡ።

ብሎኑ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋም ሞተሩ ምንም ካልተሰማው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የስሮትሉ ክዳን ከልክ በላይ ተከፍቶ መሸጋገሪያ ቀዳዳዎቹን መግለጡ ነው። እንዲህ የሚሆነው ሠሪው በሌላ ምክንያት የወረደውን ሚኒሞ በስሮትሉ ብሎን ሊያነሣው ሲሞክር ስለሆነ፣ መጀመሪያ ታይሚንጉንና የአየር መሳቡን ያጣሩ፣ ከዚያ ስሮትሉን ወደ ቦታው ይመልሱ።

በከፍተኛ ቦታ ለሚነዳ መኪና የአየሩ ጥግግት በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይታወስ። ጄቱ ለባሕር ጠለል የተመረጠ ካርቡሬተር በ2000 ሜትር ላይ ወፍራም ድብልቅ ይሰጣል፤ መፍትሔውም አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ያነሰ ዋና ጄት መግጠም ነው እንጂ የሚኒሞውን የድብልቅ ብሎን መዝጋት አይደለም። ያ ብሎን ከሚኒሞ ውጭ እምብዛም ሥልጣን የለውም።

ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ በኋላ ካንዴላዎቹን አውጥተው ቀለማቸውን ያንብቡ። ፈካ ያለ ቡናማ ተፈላጊው ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ወፍራም ድብልቅን ያመለክታልና የተንሳፋፊውን ከፍታ፣ የቾኩን መከፈትና የአየር ማጣሪያውን ያጣሩ። ነጭና የተቃጠለ መልክ ቀጭን ድብልቅን ስለሚያሳይ መኪናውን በዚህ ሁኔታ በፍጥነት አይንዱ፤ ቫልቭና ፒስተን ይቃጠላሉ። ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚደነቅፍ ከሆነ ወደ አክስለሬተር ፓምፑና ወደ ኳሶቹ ይመለሱ፤ በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ የሚደክም ከሆነ ዋናውን ጄት፣ ማጣሪያውንና የቤንዚን ፓምፑን ይመርምሩ። ሞተሩ አንድ ጊዜ በደንብ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ጋስኬቶቹ ስለሚተኙ የመቀመጫ ዳዶዎቹንና የክዳኑን ብሎኖች ሳያስጨንቁ እንደገና ያጥብቁ፤ በዚያው ጊዜ የቤንዚን መግቢያውን ዙሪያ በደረቅ ነጭ ወረቀት ጠርገው የረጠበ ነገር እንዳለ ይመልከቱ።